በውላችን ላይ ያልጻፍናቸው ነገሮች

የማከራየው ክፍል ሁለት በር አለው። አንዱ ወደ በረንዳ፣ ሌላው ወደ ሳሎኔ ይከፈታል፤ ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝም ይኸው ሁለተኛው በር ነው። ባለፉት ሰባት ዓመታት በዚህ ክፍል ሦስት ሰዎች ተፈራርቀው አብረውኝ ኖረዋል። ከሦስቱም ጋር የተፈጠረው ቅሬታም ሆነ መዋደድ ምንጩ ሲፈለግ በኪራዩ ገንዘብ ላይ አይገኝም፤ የሚገኘው በዚያ በር፣ በውሃው፣ በምጣዱ፣ በቡናው፣ በአጠቃላይ አፍ አውጥተን ለመነጋገር ባፈርንባቸው ነገሮች ላይ ነው።

ሰዎቹን ደባል የምላቸው ሆን ብዬ ነው። ለብቻው የቆመ ሰርቪስ ቤት የያዘ ሰው ተከራይ ነው፤ አመሻሽቶ ቢገባ፣ ወጥ ቢያሳርር፣ እንግዳ ቢያበዛ አከራዩ የሚያውቀው ጎረቤት በሚያውቀው መጠን ብቻ ነው። አንድ ጣሪያ፣ አንድ ቆጣሪ፣ አንድ የግቢ በርና አንድ መጸዳጃ ቤት የሚጋራን ሰው ግን ደባል ነው፤ ሲያስለው ይሰማል፣ ሲያዝንም ይታወቃል። ብዙዎቻችን ይህን ልዩነት ሳናጤን አንድን ክፍል እንደ አንድ ቤት እናከራያለን፤ እኔም መጀመሪያ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር።

እናቴ በሕይወት ሳለች ክፍሉን ስለ ማከራየት የሚያነሣ ሰው አልነበረም። እናቴ እዚሁ ደሴ፣ ከአራዳ ዝቅ ብሎ ባለ ሰፈር ሁለት ትናንሽ ቤቶች ነበሯት፤ በአንዱ እኛ ስንኖር ሌላውን በወር 25 ብር አከራይታው ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲወጣ፣ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው፣ ግለሰብም ከቤት ኪራይ ገቢ እንዳያገኝ ስለ ተከለከለ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች እንደ ነበረ ሌሎች ቤቶች ሁሉ የእናቴም ቤት በቀበሌ እጅ ገባ። ተከራይዋ እዚያው ቀረ፤ በወሩ መጨረሻ ግን ገንዘቡን ይዞ ወደ እኛ መምጣቱን ትቶ ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት መሄድ ጀመረ። እናቴ በሰውየው አልተቀየመችም፤ ቡና ሲፈላ መጠራራታቸውም አልቀረም። ከዚያ ወዲያ ግን «ቤት ካከራዩት የሰጡት ያህል ነው» የሚል እምነት አደረባትና፣ ሕግ ከተለወጠ፣ ሁሉም ሰው ማከራየት ከጀመረ በኋላ እንኳ ያንን እምነቷን ይዛ ዐረፈች።

እኔ ያከራየሁት ጣሪያው ስላስገደደኝ ነው። በ2010 ክረምት ቆርቆሮው በሦስት ቦታ ማፍሰስ ጀመረ፤ የደሴን ክረምት የሚያውቅ ሰው ሳሎን መካከል ሦስት ሳፋ ደርድሮ ማደር ምን ማለት እንደ ሆነ አይጠፋውም። ባለቤቴ ካረፈ ገና አንድ ዓመቱ ነበር፤ የመምህርነት ጡረታዬም ለቆርቆሮና ለምስማር የሚተርፍ አልነበረም። ክፍሉ ባለቤቴ የተማሪዎቹን ፈተና የሚያርምበት ነበር፤ በርዝመቱ ሦስት ሜትር ተኩል፣ በስፋቱ ሦስት ሜትር፣ መስኮቱ ወደ ጦሳ ተራራ የሚያይ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ፒያሳ ላይ ለሚቆም አንድ ደላላ ነገርሁት። ደላላው ከእኔም ከተከራዩም አሥር አሥር በመቶ እንደሚቀበል ነገረኝና፣ በሦስተኛው ቀን በአንድ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ዘንድ የሚሠራ ወጣት ይዞ መጣ።

ወጣቱ ትሑት ነበር። ክፍሉን ቆሞ እንኳ በወጉ ሳያየው «ጥሩ ነው፣ ቲቸር» አለኝ። ኪራዩን 1,200 ብር አልሁት፤ ውሃና መብራትስ ቢለኝ «እሱ ያው ከኪራዩ ጋር ነው» ብዬ አለፍሁት። ሰዓት እላፊ አለ ወይ ብሎ እንዳይጠይቀኝ እሱ አፈረ፤ ስንት ሰዓት እንደሚገባ እንዳልጠይቀው እኔ አፈርሁ። ወረቀት አልተጻፈም። ደላላው የድርሻውን ተቀብሎ ሊሄድ ሲነሣ፣ ነገሩን ያሳመርሁ መስሎኝ ወጣቱን «አብሽር፣ እንደ ልጄ ነህ» አልሁት። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሁለታችንንም ለአሥራ አምስት ወራት አስከፍላናለች። ልጅ ኪራይ አይከፍልም፤ ልጅ ሲያመሽ እናት ሳትተኛ ትጠብቃለች፤ ወደ ልጇ ክፍል የምትገባ እናትም በር አታንኳኳም።

በዚያ ክፍል ውስጥ ቁም ሣጥኔን ትቼበት ነበር። ሦስት ተከፋች ያለው፣ ከዝግባ የተሠራ፣ ለሠርጌ የተገዛ ከባድ ዕቃ ስለ ነበረ ማንቀሳቀሱ አሰልችቶኝ «ይኑርበት፣ አይከብድህም» ብዬው፣ እሱም «ምን ይከብደኛል» ብሎኝ ቀረ። ጋቢዎቹ፣ የክት ልብሶቼና የቤቱ ሰነድ እዚያው ውስጥ ነበሩ። ስለዚህ ብርድ በበረታ ቁጥር፣ ለቅሶ በደረሰ ቁጥር፣ የክብረ በዓል ልብስ ባስፈለገ ቁጥር በዚያ በሁለተኛው በር አንኳኩቼ፣ አንዳንዴም ሳላንኳኳ፣ እገባ ነበር። ልጁ ካልሲውን እየሰበሰበ፣ አልጋውን በእጁ ዳበስ ዳበስ እያደረገ «ይግቡ ቲቸር» ይለኛል። እኔም ክፍሉ ስላልጸዳ ያፈረ ይመስለኝና «ኧረ ተወው፣ አትጨነቅ» እለዋለሁ።

እሱም በበኩሉ የኤሌክትሪክ ስቶቭ ገዝቶ ኖሮ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሽንብራ ይሁን ባቄላ ከጧት እስከ ቀትር ይቀቅልበታል። ሒሳቡ በዕጥፍ መጥቶ አየሁ፤ አልተናገርሁም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባት ከተማ፣ ውሃ በምትመጣበት ሌሊት እኔ ተነሥቼ ሮቶውንና ጀሪካኑን ስሞላ እሱ ተኝቶ ያድራል፤ ጧት ደግሞ ከሞላሁት ላይ ሁለት ጀሪካን ለልብስ ማጠቢያ ይወስዳል። አልተናገርሁም። ለጎረቤት ተናገርሁ፣ ለልጄ በስልክ ተናገርሁ፣ ለነፍስ አባቴ ሳይቀር ተናገርሁ፤ ለእሱ ብቻ አልተናገርሁም። ይሉኝታ ያዘኝ። ይሉኝታ የሚይዘው ግን አፍን እንጂ ፊትን አይደለምና፣ ልጁ ፊቴን እያየ ቀስ በቀስ በኋላ በር እንደሚገባ ሌባ ድምፁን አጥፍቶ መግባት ጀመረ።

በ2012 የካቲት ላይ ሥራው ወደ ሌላ ቦታ እንደ ተዛወረ ነግሮኝ ወጣ። ዕቃውን በባጃጅ ጭኖ ከጨረሰ በኋላ፣ ቁልፉን እየሰጠኝ፣ ፈገግ ብሎ፣ «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ያከራዩኝ ክፍሉን ነው ወይስ ቁም ሣጥኑን እንድጠብቅ ዘበኛ ቀጥረውኝ ነው?» አለኝ። ሳቅን። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። አሥራ አምስት ወር ሙሉ የበደለኝን ስቆጥር፣ የበደልሁትን እሱም እየቆጠረ እንደ ነበረ የገባኝ ያኔ ነው። በማግስቱ አራት ሰው ለምኜ ቁም ሣጥኑን አስወጣሁ፤ በበሩ አልወጣ ስላለ ማጠፊያው ተነቅሎ መዝጊያው መውረድ ነበረበት።

ሁለተኛው ደባሌ በ2013 መስከረም የመጡት ልብስ ሰፊ ናቸው። ሸዋ በር አካባቢ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ለብዙ ዓመት የሰፉ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸውና ልጆቻቸው የተበተኑባቸው ሰው ነበሩ። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እርሳቸው እህቴ ይሉኛል። ክፍሉን ሊያዩ በመጡ ዕለት ያደረጉት የመጀመሪያ ነገር ሜትራቸውን ከአንገታቸው ላይ አውርደው ክፍሉን መለካት ነበር። ከዚያ በረንዳውን ለኩ። ከዚያ የልብስ ማስጫውን ገመድ ለኩና «ግማሹ የኔ፣ ግማሹ የእርስዎ፤ መካከሉ ላይ ቀይ ክር አስራለሁ» አሉኝ። መጀመሪያ ትንሽ ከፋኝ፤ ሰው ገመድ ይለካል? በኋላ ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ከኪሳቸው አውጥተው «እህቴ፣ ሰው የሚጣላው በማያፍርበት ነገር አይደለም፤ የምናፍርበትን ዛሬ እንጻፈው» ሲሉኝ፣ ያ ልጅ ከሄደ ጀምሮ ሳሰላስለው የነበረውን ነገር ከአፌ የነጠቁኝ ያህል ተሰማኝ።

ውላችን በደብተር ወረቀት አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። ኪራዩ 1,500 ብር ሆኖ ወር በገባ በአምስተኛው ቀን እንዲከፈል የሚለው አንድ መስመር ብቻ ፈጀ፤ የቀረው ሁሉ የምናፍርበት ነበር። የግቢው በር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ እንደሚቀረቀር ጻፍን። ማለዳ ማን ይከፍተዋል በሚለው ላይ ግን ተሳሳቅን፤ እርሳቸው ለፈጅር ሶላት፣ እኔ ለኪዳን የምንወጣው በዚያው በጨለማው ሰዓት ስለ ሆነ፣ ቀድሞ የተነሣው እንዲከፍት፣ ኋላ የወጣው እንዲዘጋ ተስማማን። ውሻዬ ወደ በረንዳቸው እንዳይጠጋ ጎጆው ከመጸዳጃ ቤቱ ማዶ እንዲዛወር፣ በወጥ ቤቱ የሥጋ ድስትና ቢላዋ ለየብቻ ሆኖ መደርደሪያውም እንዲለያይ፣ የስፌት መኪናው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ እንዳይሠራ ተጻፈ። በወሎ ምድር ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ መኖሩን ሰው እንደ ተአምር ሲያወራው እሰማለሁ፤ እኔ እስከማውቀው ድረስ አብሮ የሚያኖረው እንዲህ ያለው የድስትና የቢላዋ ጥንቃቄ ነው።

ስለ መብራቱ ረዘም ላለ ጊዜ ተነጋገርን። አንድ ቆጣሪ የሚጋሩ ሰዎች ሒሳቡን ለሁለት መክፈል ፍትሕ ይመስላቸዋል፤ አይደለም። የእንጀራ ምጣድ ሲበራ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይወስዳል፤ ይህም ባለ 9 ዋት አምፖሎችን ከ300 በላይ በአንድ ጊዜ እንደ ማብራት ነው። የጋሼ ሲንጀር በእግር የሚሠራ ስለ ነበረ አምፖልና ሬዲዮ ካልሆነ የሚያባክኑት አልነበረም፤ ምጣድ የምጥደው እኔ ነበርሁ። በዚያ ላይ የመኖሪያ ቤት ታሪፉ በእርከን የተከፋፈለ ነው፤ ቆጣሪው ብዙ ባነበበ መጠን የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሱ ይጨምራል፤ ስለዚህ በአንድ ቆጣሪ ላይ ሁለት ቤተሰብ ሲደመር፣ ለየብቻ ቢሆኑ ሁለቱም በዝቅተኛው ዋጋ ይከፍሉት የነበረውን አብረው ወደ ላይኛው እርከን ይወጡበታል። ጋሼ ሰምተው ሲያበቁ «እንግዲያው እኔ በአምፖሌ ልክ እከፍላለሁ፤ እርስዎ ደግሞ በየሳምንቱ ስድስት እንጀራ ይሰጡኛል፣ ዋጋውን እንቆርጣለን» አሉ። ተቆረጠ፤ ተጻፈ።

ሁለተኛው በር በውሉ መጨረሻ ላይ ገባ። ከሁለቱም ወገን መቀርቀሪያ እንዲኖረው፣ ሁለቱም ካልፈቀዱ እንዳይከፈት ተስማማን፤ እኔ በእኔ በኩል ቡፌውን አስጠጋሁበት። እውነቱን ለመናገር፣ ቡፌው ሲጠጋ የራሴን ቤት አንድ አራተኛ የቆረጥሁ መስሎኝ ሌሊቱን አልተኛሁም። የተከራየ ቤት ለተከራየበት ዘመን የሌላ ሰው ቤት መሆኑን በጭንቅላቴ ባውቀውም ሆዴ የተቀበለው ያን ሌሊት ነው።

ያንን ቡፌ ያነሣነው በነሐሴ 2013 ነው። ከወልድያና ከራያ አካባቢ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴን ሲሞላት፣ ትምህርት ቤቶቻችን መጠለያ ሲሆኑ፣ እኔ ሁለት ልጆች ያሏትን አንዲት እናት ሳሎኔ ውስጥ አስጠጋሁ። ልጆቹ ሌሊት ሌሊት ያለቅሱ ነበር። በሦስተኛው ሌሊት ከወዲያ ማዶ መቀርቀሪያው ሲንቀሳቀስ ሰማሁ፤ ጋሼ በበሩ ስንጥቅ «እህቴ፣ የእርስዎንም ይክፈቱት፤ አንዱ ልጅ እኔ ጋ ይደር» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹ በዚያ በር እየሮጡ ይመላለሱ ነበር፤ ትንሹ ልጅ የጨርቅ ቁርጥራጭ ይሰበስባል፣ ትልቋ ቁልፍ መትከል ተማረች።

በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ደረሰ። ሴትዮዋና ልጆቿ ቀድመው ወደ ደቡብ ሄዱ። እኔ የወጣሁት ከጎረቤቶቼ ጋር፣ አንድ ፌስታል ልብስና የቤቱን ሰነድ ይዤ ነው፤ በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁል በእግር ኮምቦልቻ ወርደን፣ ከዚያ እየተለመነ በተገኘ መኪና ደብረ ብርሃን ገባን። ጋሼን ብንለምናቸው ብንለምናቸው «ጉልበቴ ሐረጎን አይወርድም» አሉ። ቁልፌን ሰጠኋቸው። ይህ በውሉ ላይ የለም፤ ውሉን ስንጽፍ ስለ ሕመም፣ ስለ እንግዳ፣ ስለ ውሻ አስበን ነበር፤ ስለዚህ ግን እንኳን ልንጽፍ ልናስበውም አልቻልንም። ስልክና መብራት ተቋርጦ ስለ ነበረ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ኅዳር 27 ተመልሰው በመንግሥት ጦር እስኪያዙ ድረስ፣ ከዚያም በኋላ ለቀናት፣ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም ነበር።

በታኅሣሥ ስመለስ የግቢው በር ተገንጥሏል። ከሳሎን ቴሌቪዥኑና ፍራሾቹ የሉም፤ ቡፌው ግን ከነብርጭቆው በቦታው ነበር። ጋሼ ቤቱ ሰው ያለበት እንዲመስል ሳሎን እየተኙ፣ ማታ ማታ ኩራዝ እያበሩ ቆይተዋል። ክፍላቸው ስገባ መጀመሪያ ያየሁት የሲንጀሩን እግር ነው፤ መርገጫው፣ መንኮራኩሩና የብረት እግሩ መስኮቱ ሥር እንደ ነበረ ቆሟል፣ የመኪናው ራስ ግን ተነቅሎ ተወስዷል። ከሁሉም ዕቃ ይልቅ ያ ራስ የሌለው እግር ይታየኛል። በተቀመጥን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከትራሳቸው ሥር ፖስታ አውጥተው ሰጡኝ፤ 3,000 ብር ነበር። የጥቅምትና የኅዳር ኪራይ ነው አሉኝ።

እንቢ አልሁ። ቤቴን ጠብቀው፣ መኪናቸውን አጥተው፣ እኔ ከእርሳቸው ኪራይ ልቀበል? እርሳቸውም እንቢ አሉ፤ «ክፍሉ ውስጥ ነበርሁ፤ ኪራዩ በክፍሉ ነው» አሉ። «ሳሎን አይደል ያደሩት» አልኋቸው። «ታዲያ ለሳሎኑ ይጨምሩብኝ?» አሉኝ። ሳቅም ለቅሶም መጣብኝ። ያ ክርክር ሁለት ቀን ፈጀ፤ ቀድሞ ገንዘብ ለመጠየቅ ያሳፈረኝ ይሉኝታ አሁን ገንዘብ ለመቀበል አሳፈረኝ፤ እርሳቸው ግን በመክፈልም በመቀበልም የማያፍሩ ሰው ነበሩ። በመጨረሻ 3,000ውን ተቀበልሁና ከእኔ ያንኑ ያህል ጨምሬ ለአሮጌ መኪና ራስ መግዣ እንዲሆን ሰጠኋቸው፤ እርሳቸውም የእኔ ጭማሪ ብድር መሆኑ በውሉ ጀርባ ካልተጻፈ አልወስድም አሉ። ጻፍን። በወር 250 ብር እየከፈሉ በዓመቱ ጨረሱ፤ በመጨረሻው ወር «ተከፍሏል» ብዬ እንድፈርም ወረቀቱን አመጡልኝ።

የደሴ ብርድ ደረታቸውን ስለ ጎዳው በ2016 ኮምቦልቻ ያለችው ልጃቸው ወሰደቻቸው። ኮምቦልቻ ከእኛ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል አየሯ ለእንዲህ ያለ ሕመም የሚሻል ነው። ያንን አንድ ገጽ ተኩል ወረቀት እኔ ዘንድ ትተውት ሄዱ።

እርሳቸው በሄዱበት ዓመት፣ መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አጸደቀ። አዋጁ በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች የሚሠራ ሲሆን፣ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ የውሉ ዘመንም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ውል በጽሑፍ ይሁን የሚለውን በሁለት እጄ እቀበላለሁ፤ ለተከራዩም ሆነ ለእኔ እንደዚያ የሚበጅ ነገር የለም። የሁለት ዓመቱን ነገር ግን ሙሉ ቤት ላከራየ ሰው ተገቢ ሆኖ ባገኘውም፣ ሳሎኑ ሥር ደባል ላስገባ ሰው ይከብዳል ባይ ነኝ፤ የማይስማሙ ሁለት ሰዎች በአንድ ግድግዳ ተለያይተው ሁለት ዓመት መኖር ለሁለቱም ቅጣት ነው። ሕግ አውጪ እያንዳንዱን ግድግዳ ሊያይ ስለማይችል፣ ቀሪውን የምናሟላው እኛው ነን። የኪራይ ግብር እንዳለ የማያስታውስ አከራይ ካለም ያስታውስ፤ አከራይ ግብሩን በፈቃደኝነት እንደሚከፍል አድርጎ ማውራት ግን ከእኔ አይጠበቅም።

የአሁኗ ደባሌ በዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ወጣት ናት፤ የገባችው በመስከረም 2017 ነው። ኪራዩ 2,800 ብር ሆኗል። የጋሼን ወረቀት አውጥቼ አነበብሁላትና «የማይሆንሽን ሰርዢ፣ የሚጎድለውን ጨምሪ» አልኋት። የውሻውን ጉዳይ ሰረዘች፤ ውሻው ስለ ሞተ። የምጣዱን ነገር አስተካከለች፤ እንጀራ እሷም ትጋግራለችና በየሳምንቱ ተራ በተራ አንድ ቀን ለሁለታችንም እንድንጋግር፣ ሊጡን የየራሳችን እንድናደርግ ጻፍን። እንግዳ ሲያድርባት እንድትነግረኝ፣ እኔም የኢንተርኔት ዋይፋይ የይለፍ ቃሉን ስቀይር እንድነግራት ተስማማን። ሁለተኛው በር እንደ ቀድሞው በሁለት መቀርቀሪያ ቀረ። የመታወቂያዋን ቅጂ ተቀብዬ ቀበሌ አስመዘገብኋት፤ የክፍሉን ግድግዳ፣ የመስኮቱን መስታወትና የመብራቱን ማጥፊያ ሳይቀር አብረን አይተን፣ የተሰነጠቀውን አንድ መስታወት «የተሰነጠቀ» ብለን ጻፍን። ይህ የመጨረሻው ነገር ከቁም ነገር የማይገባ ሊመስል ይችላል፤ ደባል በሚወጣበት ቀን ግን ጠብ የሚነሣው ሁልጊዜ በእንዲህ ያለ መስታወት ነው።

ሁሉን ጨርሰን ልንፈርም ስንል ልጅቱ እስክሪብቶውን አስቀምጣ ዝም አለች። ምን ቀረሽ አልኋት። አቀርቅራ «እማ፣ አንድ ነገር አለ፤ ግን ነውር ነው» አለችኝ። ነውር ከሆነማ መጻፍ አለበት አልኋት። ከዚያ ተናገረች፦ ከዚህ ቀደም በኖረችበት ቤት አከራይዋ ደግ ሴት ነበረች፤ ቡና ባፈላች ቁጥር በሯን አንኳኩታ ስኒ ይዛ ትገባለች፣ ካልገባችም ልጅቱን ትጠራለች። ልጅቱ ደግሞ ሌሊት የተማሪ ወረቀት ስታርም አድራ ቀን መተኛት ወይም ለብቻዋ መሆን ስትፈልግ «አልጠጣም» ማለት ስላልቻለች፣ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን እየጠጣች፣ እያሳቀች፣ ሁለት ሰዓት ትቀመጣለች። ከዚያ ቤት የወጣችው በሌላ በምንም ምክንያት አይደለም። «በሬ ሲዘጋ ቡና አይምጣልኝ፤ ክፍት ሲሆን ግን ሳይጠሩኝ እመጣለሁ» የሚል አንድ መስመር ብትጨምር ቅር ይለኝ እንደ ሆነ ጠየቀችኝ።

ቅር አለኝ። ወሎ ውስጥ ተወልጄ፣ ሰው ለቡና አትጥሪ የሚል ወረቀት ላይ እፈርማለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ቢሆንም በራሴ እጅ ጻፍሁት፤ ከዋይፋዩ ቀጥሎ፣ ከተሰነጠቀው መስታወት በላይ ይገኛል። እስከ ዛሬ ድረስ ረከቦቱን ካቀረብሁና ጭሱን ካጨስሁ በኋላ አቦሉን ከመቅዳቴ በፊት በረንዳው ድረስ ወጥቼ በሯን አያለሁ፤ ተዘግቶ ካገኘሁት አንዷን ስኒ ወደ ረከቦቱ ጥግ ፈቀቅ አደርጋታለሁ።